በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ኪኒን

እማዬ የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌሊት ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ጉልበቷ ካበጠ ዓመታት ቢያልፉም ስግደት አታስታጉልም። «እንዴት ቻልሽው?» ስላት «እመቤቴ እያበረታችኝ» ትለኛለች።

ባለፈው ሁዳዴ ራሷን ስታ ወደቀች። ለካ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ጨጓራዋ ይደማ ነበር። ሆስፒታል ልብሷን ሳጣጥፍ የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁት። ለነዳያን የያዘችው ሳንቲም መስሎኝ ብፈታው አራት የሕመም ማስታገሻ ኪኒን፣ ዳይክሎፌናክ፣ እጄ ላይ ወደቀ። ድሮ አንድ ጊዜ የታዘዘላትን መድኃኒት ያለ ማዘዣ ደጋግማ ስትገዛ ኖራለች። ለመስገድ ብላ ሌሊት ትውጠዋለች፤ እህል የምትቀምሰው ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ሐኪሙ አስረዳን። ጉልበትን የሚያሳብጠውና የሚያሳምመው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃል፤ ኩላሊትም ደም እንዳያጥረው ያግዛል። ኪኒኑ ሕመሙን ሲያስታግስ ይህንንም ጥበቃ ያነሳል። እንግሊዛዊው ጆን ቬን የነአስፕሪንን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳየው በዚሁ ንጥረ ነገር ነው። ከምግብ ጋር መዋጡ ብቻውን አያድንም፤ አደጋውን ዕድሜ፣ መጠንና የቆይታ ጊዜ ይወስናሉ። በትንሽ መጠን፣ ለጥቂት ቀን፣ ደም ግፊትና ኩላሊት ታይቶ፣ ካስፈለገም የጨጓራ አሲድ ከሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ጋር ሲሰጥ ግን ብዙ ሰው ከአልጋ አንሥቷል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ እግዚአብሔር ይህን መሥዋዕት ጠይቋት ነበር? ፍትሐ ነገሥት የታመመን ሰው በጾም አያስገድድም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም ከፈጣሪ የተገኙ አድርጎ ያከብራል። በሩ ክፍት ሳለ እማዬ ማንኳኳቱን እንደ መሸነፍ ቆጠረችው። ሐኪሟ መጾሟን፣ የንስሐ አባቷ ኪኒኑን ሳያውቁ ኖሩ። ለሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነገረቻቸው፤ ዕዳውን ሥጋዋ ከፈለ። ጾም ሥጋን ለነፍስ ማስገዣ ከሆነ፣ የሥጋን ጩኸት አፍኖ መስገድ እንዴት መግዛት ይባላል?

ከሆስፒታል ስትወጣ የንስሐ አባቷ መጡ። ሁሉንም ነገረቻቸው። «ልጄ፣ ዘንድሮ ተቀምጠሽ ጸልዪ» አሏት። አለቀሰች። ሌላው ሰው ሲሰግድ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ከጉልበቷ ሕመም ይልቅ ሲከብዳት አየሁ። እውነተኛው ጾሟ የጀመረው ያን ቀን ይመስለኛል።