የማናውቀው ሰው ለቅሶ

ለቅሶ የሚደረሰው ለማን ነው? ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለእድርተኛ፣ ለጓደኛ እናት። አንድም ቀን ዓይኑን ላላየነው፣ መኖራችንንም ሳያውቅ ባሕር ማዶ ኖሮ ባሕር ማዶ ለሞተ ሰውስ? ይህን ጥያቄ ያመጣብን ቴሪ ፕራቸት ነው። ሰሞኑን ስለ እርሱ የተነሣው ክርክር እስከ ሌሊት አላስተኛንም፤ እናንተም ተካፈሉት ብለን ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ፕራቸት እንግሊዛዊ የምናባዊ ልብወለድ ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ተወልዶ መጋቢት ወር 2015 በ66 ዓመቱ ሞተ። ዲስክወርልድ የምትባል እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ምድር ፈጠረ፤ ምድሪቱ በአራት ዝሆኖች ጀርባ ላይ፣ ዝሆኖቹ ደግሞ ጠፈር ውስጥ በምትዋኝ ግዙፍ ኤሊ ላይ። ስለዚህች ምድር ከ1983 ጀምሮ 41 ልብወለዶች ወጡ። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ሞት ራሱ ነው፦ ነጭ ፈረስ የሚጋልብ፣ ድመት የሚወድ፣ ሲናገር በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚናገር አጽም። (የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና ይህን ሰውዬ ወደ አማርኛ የሚመልስ ጓደኛ ቢኖረን ምን እንደሚያደርግ እንጃ!)

መርዶው የተነገረው በትዊተር ነበር። የመጀመሪያው መልእክት የተጻፈው በዚያው በትልልቁ ፊደል ነው፤ ሞት ራሱ ደራሲውን ሊወስድ የመጣ ያህል። አንባቢዎቹም እንደየአቅማቸው አለቀሱ። በሺሕ የሚቆጠሩት ሞት ሰውየውን እንዲመልስላቸው በፊርማ አመለከቱ። ሌሎቹ አንዱን ልብወለዱን አስታወሱ፤ እዚያ ውስጥ መልእክት ከማማ ወደ ማማ የሚያስተላልፉ ሠራተኞች የሞተ ባልደረባቸውን ስም በመሥመሩ ላይ እያመላለሱ ያኖሩታል። የኮምፒውተር ባለሙያ የሆኑ አንባቢዎችም የፕራቸትን ስም ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በሚለዋወጡት፣ ለዓይን በማይታየው መልእክት ውስጥ ከተው አመላለሱት።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «የጥጋብ ለቅሶ ነው» አለ፤ «የሚያለቅሱት ለሰውየው አይደለም፣ ለ42ኛው መጽሐፍ ነው!» ነገሩ ቆንጠጥ አደረገን። እርግጥ ለቅሶ ቤት ገብቶ የራሱን ሟች የማያስታውስ፣ በሰው ሐዘን የራሱን የማያወጣ ማን አለ? ይሁንና እርሱ ያለው ሌላ ነው። ጥቅም የቀረበት ሰው ማልቀስና ሰው የሞተበት ሰው ማልቀስ አንድ ነው ወይ? ነው ያለው።

እኛም መልስ ፍለጋ ስንዳክር አንድ ነገር ትዝ አለን። ፕራቸት ሲሞት ያልተጨረሱ ጽሑፎቹ ያሉበት የኮምፒውተር ዲስክ ትቶ ነበር። ፈቃዱም ይህ ዲስክ በመንገድ መዳመጫ እንዲጨፈለቅ ነበር። ነሐሴ 2017 በእንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት፣ በእንፋሎት መኪናዎች ትርዒት ላይ ቃሉ ተፈጸመ። መዳመጫው ደጋግሞ ቢሄድበትም ዲስኩ እምቢ ስላለ በመጨረሻ ድንጋይ መፍጫ ውስጥ ገባ። ስብርባሪው ሳልዝበሪ ሙዚየም ለትዕይንት ቀረበ።

ይህን ስናወራ ለሁለት ተከፈልን። ገሚሶቻችን «ግፍ ነው!» አልን። ገሚሶቻችን ዝም አልን። ያን ጊዜ ነው የዚያ ጓደኛችን ነገር የገባን፤ ጥያቄው ሟቹ ዘንድ ሳይሆን እኛ ዘንድ ነበር።

እስቲ ሰውየውን እናስበው። በ2007 መጨረሻ የማስታወስ ችሎታን ቀስ በቀስ የሚበላው አልዛይመር የሚባለው በሽታ እንደያዘው ለሕዝብ ተናገረ። እየቆየ መተየብ አቃተው፤ በቃል እያስጻፈ ቀጠለ። በ2010 ስለ ሞት ያዘጋጀውን ንግግር ራሱ ማንበብ ስላልቻለ ተዋናዩ ቶኒ ሮቢንሰን አነበበለት። ፊደል ከእጁ፣ ቃል ከዓይኑ እየወጣ ለሄደበት ጸሐፊ ምን ቀረው? «ይህ አልቋል፣ ያኛው ገና ነው» የማለት ሥልጣን ብቻ። እርሷንም ልንወስድበት ነው? ለዚህች መጽሔት አንድ ገጽ ለማቅረብ ስንት ወረቀት ቀደን እንደምንጥል እናውቃለን፤ ያ የተጣለው ወረቀት ከቆሻሻ ቅርጫት ወጥቶ በስማችን ቢታተም በማግሥቱ ግቢ ውስጥ አንታይም!

የተለየ መንገድ የመረጠም አለ። በ2007 የሞተው አሜሪካዊው ሮበርት ጆርዳን ሳይጨርሰው የቀረውን ረጅም ታሪክ ሌላ ሰው እንዲፈጽመው ማስታወሻ ትቶ ሄደ፤ ባለቤቱም ብራንደን ሳንደርሰንን መርጣ ሥራው በሦስት መጻሕፍት ተደመደመ። ያም አደራ፣ ይሄም አደራ። አንዱ «ጨርሱልኝ»፣ ሌላው «አጥፉልኝ»። ለሟች ያዘነ ሰው የሟቹን አደራ ሲጠቅመው ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሐዘኑ ከውርስ ሙግት በምን ይለያል?

እዚህ ላይ ደረስንና አሸነፍን ስንል፣ ያ የሳቀው ልጅ ካፍካን አመጣብን። ካፍካ በ1924 ሲሞት ጽሑፎቹን እንዲያቃጥል ለወዳጁ ለማክስ ብሮድ ተናዞ ነበር። ብሮድ አላቃጠለም፤ በማግሥቱ ዓመት «ችሎቱ» የተባለው ልብወለድ ታተመ። እኛ ሁላችን አንብበነዋል፣ አድንቀነዋል፣ ተከራክረንበታል። ታዲያ ብሮድ አደራ በላ ከተባለ፣ እኛስ ከማዕዱ ቀርበን አብረን አልጎረስንም? መልስ አላገኘንም። አላገኘንም ብለን መጻፍ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አብረን አየን። የፕራቸት የመጨረሻ መጽሐፍ፣ «የእረኛው ዘውድ»፣ የወጣው ከሞተ በኋላ ነሐሴ 2015 ነው። እዚያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተከተልናት አሮጊት ጠንቋይ ግራኒ ዌዘርዋክስ መሞቻዋን አውቃ፣ ቤቷን አሰናድታ ትተኛለች። አንዱ ጓደኛችን ይህን መጽሐፍ ካገኘው ቆየ፤ አልከፈተውም። እስካልተነበበ ድረስ ሰውየው ገና አንድ የሚነግረን አለው ይላል። ስስት ነው ብንለው አልተቆጣም። መጽሐፉ ዛሬም ከትራሱ ሥር ነው፤ ተራ የያዝን ሦስት ሰዎች አለን፣ እስካሁን ግን «አምጣው» ብሎ የጠየቀው የለም።