ልጓሙ ያለበት ቦታ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከአዴት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው ገጠር፣ የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ፈውስ የሚሻው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከጠበልና ከጤና ጣቢያ። በግሽ ዓባይም ሆነ በየደብሩ የሚጠመቅ ሕመምተኛ የታዘዘለትን ፌኖባርቢታል እየዋጠ ይጠመቅ ወይስ ክኒኑን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል። ክርክሩ ግን ከክኒኑ አልፎ ወደ ሰው ተፈጥሮ የሚመለስ ነው፤ ሰው ወድቆ አረፋ ሲደፍቅ የሚታወከው ሥጋው ነው፣ ነፍሱ ናት ወይስ የሚጥለው ከውጭ የመጣ መንፈስ ነው?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት እንደተፈጠረ ያስተምራሉ፤ ሥጋው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ነው፣ የነፍሱ ባሕርያት ደግሞ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። እንስሳ በደሙ ሕያው የሆነ ደማዊት ነፍስ አለው እንጂ የምታስብና የምትናገር ነፍስ የለውም። ይህ ትምህርት ቤተ ሙከራ ከመኖሩ በፊት የተደነገገ ቢሆንም፣ ቤተ ሙከራው ያገኘውን ለመመዘን ከሚታሰበው በላይ ይረዳል።

የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካል ነው፤ አንዳንዱ ኬሚካል ሕዋሱን ያነሣሣዋል፣ አንዳንዱ ይገታዋል። በአንጎል ውስጥ ዋናው ገቺ ጋባ ሲሆን፣ በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል ግንድ ግላይሲን የተባለው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ገቺው ኬሚካል የሚያርፍበት፣ በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከለ ፕሮቲን ተቀባይ ይባላል፤ ጋባ ሲያርፍበት መካከሉ ተከፍቶ ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሕዋሱም በቀላሉ የማይነሣሣ ይሆናል። ይህ ልጓም ሲላላ እጅግ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሊነሣሡና ሰውየውን ሊጥሉት ይችላሉ፤ ፌኖባርቢታል የሚሠራውም ተቀባዩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ በማራዘም ነው።

ተቀባዩን በየሕዋሱ ላይ አጥርቶ ለማየት ትልቁን መንገድ የከፈተው ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያዘጋጀው፣ ያንኑ ባዕድ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ሞኖክሎናል የሚባለው ደግሞ ከአንድ ሕዋስ ዘር ብቻ የተገኘ በመሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ፣ አንድ ዒላማ ብቻ የሚያውቅ ነው። ዦርዥ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 በካምብሪጅ፣ ከተከተበች አይጥ ጣፊያ የተወሰደን ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው ይህን አንቲቦዲ ያለማቋረጥ ማምረት ቻሉ፤ በ1984ም ከኒልስ የርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ካንሰርን ገዳይ ያደረገው ልክ የለሽ መባዛት እዚህ ላይ የጥበብ አገልጋይ መሆኑ በራሱ አንድ የሥነ መለኮት ድርሰት ሊጻፍበት የሚገባ ነው።

ከግኝቱ አሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በስዊዘርላንዷ ባዝል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከከብት አንጎል ቅርፊት አጥርተው ባወጡት የጋባ ተቀባይ አንቲቦዲዎች አዘጋጅተው የጋባና ዲያዜፓም የተባለው መድኃኒት ማረፊያ በአንድ ቦታ እንደሚገኙ አሳወቁ። የአሠራሩ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ኬሚካል ያጸናው አንጎል ስስ ሆኖ ይቆረጣል፣ አንቲቦዲው ይጨመርበታል፣ ያልተጣበቀው ይታጠባል፣ የተጣበቀው ደግሞ ቀለም በሚያወጣ ኬሚካል ይገለጣል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተቀባዩ የበዛበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ይጠቁራል፣ የሌለበት ገርጥቶ ይቀራል።

ከእነዚህ አንቲቦዲዎች አንዱ ከከብት በተገኘው ተቀባይ ተሠርቶ ሳለ የአይጡንም የሰውንም ተቀባይ ያውቃል። ስለዚህ እንደ ሊቃውንቱ አከፋፈል ከሄድን ልጓሙ የሚገኘው ሰው ከበሬ ጋር በሚጋራው ወገን፣ ማለትም በሥጋው ነው፤ ተቀባዩን የትዕግሥት ወይም ራስን የመግዛት መኖሪያ ማድረግም ስሕተት ይሆናል፤ በሬ አይጾምምና። በዙሪክም በቀዶ ሕክምና ከሚጥል በሽታ ሕመምተኞች አንጎል በወጣ ቁራጭ ላይ በአንቲቦዲ በተደረገ ጥናት የተቀባዩ ስርጭት ተለውጦ ታይቷል፤ የሚታይ ሥጋዊ ለውጥ አለ ማለት ነው።

ይህ መልስ ግን ሳይፈተን መታለፍ የለበትም። የወደቀው ሰው እጅ እግሩ ብቻ አይደለም የሚታወከው፤ ማሰቡም ንግግሩም ለጊዜው ይጠፋል፣ ፌኖባርቢታልም የአንዳንዱን ልጅ ትምህርትና ትኩረት ሊያዳክም ይችላል። ነፍስ በሥጋ መሣሪያነት ስለምትሠራ መሣሪያው ሲሰናከል ሥራዋ ይቋረጣል የሚለው ማብራሪያ የተለመደ ነው፤ ጥሩም ነው፣ ነገር ግን ነፍስን ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ስለሚያደርጋት ተጠራጣሪውን አያሳምንም። በአንጻሩ ቡናማ ነጥብ አይቶ ነፍስ የለችም የሚለውም ካየው በላይ ይናገራል፤ የተመለከተው የሞተ ሥጋ ነው፣ አንቲቦዲውም ተቀባዩ የት እንዳለ እንጂ ስለ ምን እንዳለ አይመሰክርም።

የሚጥለው መንፈስ ነው ለሚለው ከባዱ ማስረጃ ወንጌል ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 17 በእሳትና በውኃ ላይ የሚወድቀው ልጅ የዳነው ጋኔን ወጥቶለት ነው፤ በምድጃ ዳር ወድቆ የተቃጠለን ሰው የሚያውቅ የገጠር አንባቢ ይህን ምዕራፍ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ያው ወንጌላዊ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ማለትም የሚጥላቸውን፣ ለየብቻ ቆጥሯቸዋል፤ ስለዚህ መንፈስ የጣለው አለ ማለት የወደቀ ሁሉ መንፈስ ጣለው ማለት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን እግዚአብሔር ከምድር እንደፈጠረው ይናገራል፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ቀኖናም ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው።

ጠበልንና መድኃኒትን አብሮ መያዝ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። ለሚጥል በሽታ ነገሩ የበለጠ አስቸኳይ ነው፤ ወራት ሙሉ ፌኖባርቢታል የለመደ አንጎል በድንገት ሲከለከል መንፈራገጡ ሳያቋርጥ ሊመጣና ሊገድል ይችላል። በሱባዔ ስም ክኒኑን ያስጣለ አጥማቂ ወይም የንስሐ አባት፣ ልጓሙ በሥጋ ውስጥ ተቀምጦ ከታየ በኋላ፣ ለዚያ ሞት የሚጠየቀው ስለ እምነቱ ጽናት ሳይሆን ስለ ሰው ነፍስ ነው።