እሺታና ፈቃድ

በአማርኛ «እሺ» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ሸክም የሚሸከም ቃል ጥቂት ነው። «ተስማምቻለሁ» ማለት ይሆናል፤ «ሰምቻለሁ» ማለት ይሆናል፤ «ደክሞኛልና ተወኝ» ማለትም ይሆናል። ከሐኪም ፊት የተቀመጠ ሕመምተኛ «እሺ» ሲል ከሦስቱ የትኛውን እንደ ተናገረ ለማወቅ ፊቱን ማየት፣ ዝምታውንም ማዳመጥ ያስፈልጋል። ይህን ያነሣነው ለቋንቋ ጨዋታ አይደለም። በስደት የምንገኝ ተማሪዎች ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ልናስተረጉም ሐኪም ቤት ስንቀመጥ፣ ያንን «እሺ» ወደ ባዕድ ቋንቋ የምንመልሰው እኛው ስለ ሆንን ነው።

በሲያትል ከተማ፣ በኮሎምቢያ ሲቲ ሠፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ለጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ተቀጥረው ነበር። ሐኪሙ ሁለት ዘዴዎችን የሚያወዳድር ምርምር መኖሩን አስረድቶ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ እንዲገቡበት ጠየቃቸው። የትኛው ዘዴ እንደሚደርሳቸው የሚወሰነው በዕጣ መሆኑንም ተናገረ። እኛ ግን በእናት ገላ ላይ ዕጣ ይጣላል ብሎ መናገር አሳፈረንና «የሚሻልዎትን እነርሱ ይመርጡልዎታል» ብለን አለፍነው። «እሺ ልጆቼ፤ እናንተ ካላችሁ እኔ ምን አውቄ» ብለው ፈረሙ። ከወራት በኋላ እውነቱን ከሌላ ሰው ሰሙ፤ ለክትትል መሄዳቸውንም አቆሙ። ቅር ያላቸው በሐኪሙ ሳይሆን በእኛ ነበር። «የከፋኝ በዕጣ መሆኑ አይደለም፤ ብትነግሩኝ ኖሮ እኔም ዕቁብተኛ ነኝ» አሉን።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ለበጎ ዓላማ ተብሎ፣ እውነቱ ተሸራርፎ የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ ሊባል ይችላልን?

ጥያቄው ለሲያትል አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የልብ ሕመምተኞችን ደረት ቀዶ የውስጥ ደም ሥር መቋጠር ሕመማቸውን ያስታግሣል ተብሎ ይሠራበት ነበር። በ1959 ሊዮናርድ ኮብና ባልደረቦቹ በዚህችው ከተማ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ከ17 ሕመምተኞች የ8ቱ ደም ሥር ተቋጠረ፤ የ9ኙ ግን ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ ተሰፋ። ተሻለን የሚሉ ከሁለቱም ወገን ተገኙ፤ የተቋጠረላቸው ካልተቋጠረላቸው በልጠው አልታዩም። ከንቱ የነበረው ቀዶ ጥገና በዚህና በመሰሉ ሙከራዎች ተጋለጠ፤ ስንት ደረትም ከቢላ ዳነ። ነገር ግን ለሕመምተኞቹ የተነገራቸው ቀዶ ጥገናው እየተገመገመ መሆኑ ብቻ ነበር። ከመካከላቸው የሚበዙት ለይስሙላ እንደሚቀደዱ አልተነገራቸውም።

አንዳንድ ወገኖች «ቢነገራቸው ኖሮ ማን ይገባ ነበር? ሙከራውም ባልተካሄደ፣ ጥቅሙም ባልተገኘ» ይላሉ። ይህ ክርክር ራሱን በራሱ ያፈርሳል። «ቢያውቁ እንቢ ይሉ ነበር» ማለት እንቢታቸውን አስቀድመን አውቀን ደበቅነው ማለት ነው። ክኒን የሚውጥ ሰው ቢጸጸት በማግሥቱ ሊተው ይችላል፤ የተቀደደ ገላ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። በዚያም ላይ ሰው በፈቃዱና በማወቁ ካልሆነ በስተቀር የምርምር መሣሪያ እንዳይሆን የኑረምበርግ ፍርድ በ1947 ደንግጎ ነበር።

ደግሞስ እውነት ከተነገረ ሕመምተኛ ይሸሻል ያለው ማን ነው? ወደ አገራችን እንመልከት። ትራኮማ የዓይን ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ቀልብሶ ዓይን ሲያስፍቅ፣ ገበሬው በወረንጦ እየነቀለ ይኖራል፤ ካልታከመም ሊታወር ይችላል። በ2014 እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል 1,000 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ በሥራ ላይ የነበሩ ሁለት የቀዶ ጥገና ዘዴዎችን አወዳደሩ። ማንበብ ለማይችለው ጽሑፉ በአማርኛ እየተነበበለት በጣት አሻራው ፈቀደ። ከዓመት በኋላ ከተሳታፊዎቹ ከ95 በመቶ በላይ የሆኑት እንደገና ታዩ። በአንደኛው ዘዴ ሕመሙ በ22 በመቶዎቹ ላይ ሲመለስ፣ በሌላው የተመለሰው በ13 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ነበር። አሻራ ብቻውን የመረዳት ማስረጃ አይሆንም፤ «ማይም ገበሬ ይህን አይረዳም» የሚለው የእኛ የተማርን ነን ባዮች ትምክህት ግን በዚህ ፊት ይፈተናል።

ዕጣ ግፍ የሚሆነው ሐኪሙ የሚሻለውን እያወቀ ሲጥለው ነው። ማንም በማያውቅበት ጊዜ ግን ዕጣ አለማወቅን በግልጽ ማመን ነው። ሕዝባችን ይህን ከዕቁብ ያውቀዋል፤ ዕጣው የሚታመነው በሁሉም ፊት ስለሚወጣ ነው። በእርግጥ ዕቁብ ለሁሉም በተራው ይደርሳል፤ በሙከራ ግን ያልተሳካ ዘዴ የደረሰው ሰው ሌላ ተራ ላይኖረው ይችላል። ልዩነቱም ሳይደበቅ ሊነገር ይገባል።

ከማታለል ለመሸሽ ሰውን ጨርሶ አለመጠየቅም ሌላ ስሕተት ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከሲያትል የመራው፣ ውጤቱም በ2020 የታተመው የትርፍ አንጀት ሙከራ በ25 ሆስፒታሎች 1,552 ሰዎችን ለቀዶ ጥገናና ለአንቲባዮቲክ በዕጣ አከፋፈለ። መድኃኒቱ ከደረሳቸው ከአሥሩ ሰባት የሚሆኑት እስከ 90 ቀን ድረስ ከቢላ ተረፉ። የተመዘገቡት ግን እንግሊዝኛ ወይም እስፓኝኛ የሚናገሩ ነበሩ። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ የኮሎምቢያ ሲቲ እናት እሺ ለማለት ቀርቶ እንቢ ለማለትም ዕድል አልነበራቸውም። አለመጠየቅ ከለላ አይደለም፤ ከሰው ቁጥር መጉደል ነው።

ስለዚህ ግዴታችን ሁለት ወገን አለው። ወገኖቻችን በቋንቋቸው እንዲጠየቁ መሟገት አለብን፤ ሲጠየቁም የሠለጠነ አስተርጓሚ እንዲመጣ እንጂ ልጅ ለእናቱ እንዳይተረጉም መጣር አለብን። እኛው ከተቀመጥንም ዕጣውን ዕጣ እንበለው። የገባቸውን በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሩን እንጠይቅ። ቤተ ዘመድና የንስሐ አባት የሚማከሩበት ጊዜ እንዲሰጣቸው እናስደርግ። በማንኛውም ሰዓት ቢወጡ የሚገባቸው ሕክምና እንደማይቀርባቸው የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ያዛልና ይህንንም አንዋጠው። ፈቃድ አንድ ጊዜ ተፈርሞ የሚከተት ወረቀት ሳይሆን በየቀጠሮው የሚታደስ አደራ ነው። ሕመምተኛን በሙከራ ውስጥ የሚያቆየውም ውለታና ይሉኝታ ሳይሆን ይህ አደራ ሊሆን ይገባል።

ለእኚያ እናት ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ቡና አፈሉልን፤ ወረቀቱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብንላቸው። በመካከሉ እያስቆሙ ጠየቁን፤ ስለ ዕጣውም ከእኛ የበለጠ ገባቸው። ስናበቃ ጥቂት ዝም ብለው «አልመለስም» አሉ። በማግሥቱ ቃላቸውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ለሐኪሙ አደረስን።