ሰባተኛው ልጅ ምን በደለ?

ሰው የሚመዘነው በልደቱ ነው ወይስ በሥራው? ይህ ጥያቄ ለማንኛውም አስተዋይ ሰው ቢቀርብለት «በሥራው ነው» ብሎ ለመመለስ ለአንድ አፍታ እንኳ አይዘገይም። ዳኛው በችሎት፥ መምህሩ በትምህርት ቤት፥ አባትም በቤቱ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አፍ የተናገረውን ልብ ሁልጊዜ አይከተለውም። ብዙ ሕዝቦች በቀን የሚያጸኑትን ፍርድ፥ ሌሊት በእሳት ዳር በሚያወሩት ተረት ሲያፈርሱት ይገኛሉ። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ የፍርድ ስሜት ሊመረምር የሚፈልግ ሰው ሕጉን ብቻ ሳይሆን ተረቱንም ማወቅ ይገባዋል። እኛም ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የሩቅ አገር ተረት ላይ አቁመን እንመልከተው።

በደቡብ አሜሪካ፥ በፓራጓይና በጎረቤቶቿ በአርጀንቲናና በብራዚል ምድር፥ ጓራኒ የሚባል ነባር ሕዝብ ይኖራል። ቋንቋው በፓራጓይ ከጓራኒ ወገን ባልሆነውም ሰው አፍ የተለመደ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ከእስፓንኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። (ከዚህ በኋላም የውጭውን አገር ነገር የምንጠቅሰው በዚሁ አቆጣጠር ነው።) በዚያ አገር ስሙ ሲነሣ ሕፃናት ወደ እናታቸው ጉያ የሚሸሹለት አንድ ፍጡር አለ፤ እርሱም ሉዊሶን ይባላል።

ተረቱ እንዲህ ነው። ታኡ የተባለው ክፉ መንፈስ ኬራና የምትባለውን መልከ መልካም ልጃገረድ ተመኛት። የደግነት መንፈስ የሆነው አንጋቱፒሪ ሊያድናት ሰባት ቀን ሙሉ ቢዋጋም አልሆነለትም፤ ታኡ ልጃገረዲቱን ጠልፎ ወሰዳት። በዚህ በደል የተቈጣችው የሰማይ እመቤት አራሲ ሁለቱንም ረገመቻቸው። ከእርግማኑም ሰባት ልጆች ተወለዱ። የመጀመሪያው የውሻ ራስ ያለው ግዙፍ እንሽላሊት፥ ሁለተኛው የበቀቀን ራስ ያለው እባብ፥ ሦስተኛው ቀንዳም እባብ፥ አራተኛው ወርቃማ ጠጕር ያለው የቀትር ሕፃን ነው። ከእነርሱም በኋላ ኩሩፒና አኦ አኦ ተከተሉ። ሰባተኛውና የመጨረሻው ሉዊሶን ነው። እርሱም ግማሹ ሰው ግማሹ ውሻ የሆነ፥ ፊቱ የገረጣ፥ ጠረኑ የሚከረፋ፥ በመቃብር ስፍራ የሚዞርና ሬሳ የሚበላ፥ የሌሊትና የሞት ጌታ ነው ይላሉ።

በዚህ ተረት ውስጥ የተሰጠውን ፍርድ እስኪ እናስተውል። በደለኛው ጠላፊው ታኡ ነው። ነገር ግን የተጠለፈችውም ከጠላፊው ጋራ አንድ ሆና ተረገመች። ልጆቹ ደግሞ ገና ሳይወለዱ ተፈረደባቸው። ሉዊሶን ሬሳ ስለ በላ አይደለም የተረገመው፤ ስለ ተረገመ ነው ሬሳ የበላው። እንግዲህ ቅጣቱ ከጥፋቱ ቀድሞ ቆመ፤ ጥፋቱንም የወለደው ራሱ ቅጣቱ ሆነ። እንዲህ ያለውን ፍርድ በችሎት ብንሰማው እንቃወመው ነበር፤ በተረት ሲመጣ ግን ዝም ብለን እናዳምጠዋለን።

ይሁን እንጂ ይህን ፍርድ በጓራኒ ሕዝብ ራስ ላይ ከመጣላችን በፊት የተረቱን አመጣጥ መጠየቅ ይገባል። የታኡንና የኬራናን ሰባት ልጆች ታሪክ ዛሬ በሚታወቅበት መልክ አዘጋጅቶ ያሳተመው ናርሲሶ ኮልማን የተባለው ባለቅኔ ሲሆን፥ «ኛንዴ ኢፒኩዌራ» የተሰኘው መጽሐፉ የወጣው በ1929 ዓ.ም. ነው። ስሙም «ቀደምት አባቶቻችን» ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ሌዎን ካዶጋን የተባለው ፓራጓያዊ ሊቅ ምብያ ከሚባሉት ጓራኒዎች ዘንድ አመኔታ አግኝቶ፥ ለውጭ ሰው የማይነገረውን የሃይማኖታቸውን ቃል ከአፋቸው ጽፎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ «አይቩ ራፒታ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የሰው ቃል መሠረት» ማለት ነው። በዚያ ውስጥ የሰባቱ ፍጡራን ታሪክ አይገኝም። የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የመጀመሪያው አባት ምድርን ከመፍጠሩ አስቀድሞ የሰውን ቃል መሠረት ከራሱ እንዳወጣ የሚናገር ነው። በምብያዎች ዘንድ ነፍስና ቃል የሚጠሩት በአንድ ስም ነው። ሕፃን ሲወለድ ከላይ የተላከች ቃል ሥጋ ለበሰች ይላሉ። ስሙንም ወላጆቹ እንደ ፈቀዱ አያወጡለትም፤ መንፈሳዊ መሪያቸው ያች ቃል ከየትኛው አምላክ ዘንድ እንደ መጣች መርምሮ ይነግራቸዋል እንጂ።

ልዩነቱ እጅግ ትልቅ ነው። በአንዱ ሐሳብ ልጅ እርግማን ተሸክሞ ይወለዳል፤ በሌላው ሐሳብ ቃል ተሸክሞ ይወለዳል። ታዲያ እርግማኑን የተሸከመው ሰባተኛ ልጅ ከወዴት መጣ?

መልሱን ከስሙ እናገኘዋለን። ሉዊሶን የሚለው ቃል፥ ፖርቱጋላውያን ተኵላ የሚሆነውን ሰው «ሎቢሶሜም» ብለው ከሚጠሩበት ቃል የተወሰደ ነው፤ በአርጀንቲናም ሎቢሶን ይባላል። በዕለተ ማክሰኞና በዕለተ ዓርብ ሌሊት ይለወጣል የሚለው፥ ሰባተኛ ወንድ ልጅም ይህ ዕጣ ይደርስበታል የሚለው እምነት ባሕር ተሻግሮ ከመጣው ሰው ጋራ የመጣ ነው። የሚያስገርመው ግን በደቡብ አሜሪካ የአውሮፓ ተኵላ የሚባለው አውሬ ከቶ አለመኖሩ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፥ አውሬው ሳይሻገር ስሙ ተሻግሮ የክብር ስፍራ ያዘ። ከዚህም የተነሣ አጓራ ጓሱ የሚባለው የዚያው አገር እንስሳ ዕዳ ከፋይ ሆነ። ይህ እንስሳ እግረ ረጅም፥ ቀይ ጠጕር ያለው፥ ብቻውን የሚሄድ፥ ከምግቡም ብዙውን ክፍል የዛፍና የቍጥቋጦ ፍሬ ያደረገ፥ ሰውን የሚሸሽ ዓይን አፋር ፍጡር ነው። ተኵላም ቀበሮም አይደለም። ቢሆንም ሌሊት ጩኸቱን የሰማ ገበሬ «ሎቢሶን ነው» እያለ ሲገድለው ኖሯል።

እንግዲህ ዋናው ጉዳት ይህን ጊዜ ደረሰ። የአማልክት ልጅ የሆነው ሉዊሶን አንድ ብቻ ነው፤ የሚኖረውም በተረት አገር ስለ ሆነ በማንም ቤት ላይ ጣት አያስቀስርም። ሰባተኛ ልጅ ሁሉ አውሬ ነው ከተባለ በኋላ ግን አውሬው አድራሻ አገኘ። እገሌ ቤት ሰባት ወንዶች ልጆች አሉ፤ የመጨረሻው እርሱ ነው ይባላል። ልጁ ከስቶና ገርጥቶ ከታየ «ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ነው» ይሉታል። ወፍሮና ደምቆ ከታየ «ምን በልቶ ይሆን?» ይሉታል። ዝም ቢል ምሥጢር ደበቀ፤ ቢምል ሸነገለ ይባላል። ለተከሳሹ መከላከያ የማይተው ክስ ግን ስሙ ክስ አይደለም፤ ወጥመድ ነው።

ይህን ስናነብ በሩቅ አገር ሰዎች ሞኝነት ለመሳቅ የሚቸኵል ሰው ቢኖር፥ ጥቂት ይታገሥና ወደ ገዛ ቤታችን ይመልከት። በእኛስ አገር ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ቆዳ ፋቂውን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ሲሉት አልኖሩምን? በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንስ በብረትና በሸክላ ሥራቸው ይህንኑ ስም አልተሸከሙምን? ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከቀጥቃጩ እጅ ይገዛል፤ በዚያ ማረሻ አርሶ፥ በዚያ ማጭድ አጭዶ፥ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ይበላል። ማዕድ ላይ ከእነርሱ ጋራ መቀመጥ ሲመጣ ግን ዓይናቸውን ይፈራል። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ አፍን ሊከለክል ቻለ፤ ልብን መከልከል ግን ለአዋጅ ከባድ ነው። ስለዚህ የጓራኒው ሰባተኛ ልጅና የእኛው ቀጥቃጭ ባይተዋወቁም የአንድ ዕዳ ከፋዮች ናቸው። አንዱ በልደት ተራው፥ ሌላው በአባቱ ሙያ ሳይበድሉ ተፈረደባቸው።

በዚህ ጊዜ ተረትን የሚወድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል። «ተረት የሕዝብ ቅርስ ነው። ሕፃናትን ከሌሊት አደጋ ይጠብቃል፤ የሙታንን ማረፊያ ያስከብራል። ስለ ጥቂቶች ቅያሜ ብለን ቅርሱን እንጣለውን?» ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። እኛም ተረት ይቃጠል አንልም። ነገር ግን ተረትና ምስክርነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተረት «ነበረ» ብሎ ሲጀምር አድማጩም ተራኪውም ምን እንደሚጫወቱ ያውቃሉ። «ነበረ» የሚለው ቃል ወጥቶ «እገሌ ነው» የሚለው ሲገባ ግን ጨዋታው አበቃ፤ የተጀመረው ክስ ነው። ክስ ደግሞ እንደ ክስ ማስረጃ መጠየቅ ይገባዋል።

ሕዝቡ ራሱ የዚህን ፍርድ ክብደት ሳያውቀው አልቀረም፤ በእምነቱ ውስጥ መድኃኒትም አኑሯልና። ከፖርቱጋል በመጣው ልማድ መሠረት፥ ታላቅ ወንድሙ ክርስትና ያነሣው እንደ ሆነ ታናሹ ከእርግማኑ ይድናል ይላሉ። በዚህ ልማድ ውስጥ ታላቅ ምክር አለ። ልጁን የሚያድነው ጠመንጃም አስማትም አይደለም፤ «ይህ ልጅ የእኔ ነው፤ ስለ እርሱ የምጠየቅ እኔ ነኝ» የሚል አንድ ሰው መገኘቱ ነው።

ከዚሁ ጋራ አያይዘው በአርጀንቲና የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። በዚያ አገር ለሰባተኛ ወንድ ልጅ፥ እንዲሁም ለሰባተኛ ሴት ልጅ፥ የአገሩ ፕሬዚዳንት ክርስትና ያነሣል። ብዙ ሰዎችም «ይህ የተደረገው ልጁ ሎቢሶን ነው ተብሎ እንዳይጣል ነው» ይላሉ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ይኸው ወሬ በዓለም ጋዜጦች ተሠራጭቶ ነበር። ወሬው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የልማዱ መነሻ ይህ አይደለም። በ1907 ዓ.ም. ከሩሲያ የመጡ ባልና ሚስት፥ በመጡበት አገር ንጉሠ ነገሥቱ ለሰባተኛ ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሣ ስለ ነበረ፥ ፕሬዚዳንት ሆሴ ፊጌሮዋ አልኮርታ እንዲሁ እንዲያደርጉላቸው ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም። ልማዱም ቆይቶ በ1974 ዓ.ም. በሕግ ቍጥር 20,843 ጸና። የአርጀንቲና ታሪክ ጸሐፊዎችም ከሎቢሶን ጋራ ዝምድና እንደሌለው አስረድተዋል። እኛም ለክርክራችን ይመቸናል ብለን ያልሆነውን ሆነ ማለት አይገባንም። ሰባተኛውን ልጅ በሐሰት ወሬ መክሰስ ከተነቀፈ፥ በሐሰት ወሬ መካስም የእውነት ወዳጅ ሥራ አይደለምና።

በመጨረሻም ወደ ዘመናችን ደራስያን እንመለስ። በቦይነስ አይሬስ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ሮሚና ጋርበር በ2020 ዓ.ም. «ሎቢሶና» የተሰኘ የምናብ ልብ ወለድ አሳትማለች። ባለታሪኳ ከአርጀንቲና ወገን የሆነች፥ ማያሚ በተባለው ከተማ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ከእናቷ ጋራ ተደብቃ የምትኖር ልጃገረድ ናት። በዚያ ታሪክ ዓለም ውስጥ ሰባተኛ ወንዶች ልጆች ተኵላ፥ ሰባተኛ ሴቶች ልጆች አስማተኛ ይሆናሉ። ልጃገረዲቱ ግን ሴት ሆና ሳለች ተኵላ በመሆኗ፥ በሰዎቹም አገር በተኵላዎቹም አገር መኖሯ ራሱ እንደ ወንጀል ይቈጠርባታል። ደራሲዋ አሮጌውን ተረት ይዛ አዲስ ነገር አድርጋበታለች፤ ይኸውም ሲወራበት እንጂ ሲናገር ተሰምቶ ለማያውቀው አውሬ አንደበት መስጠቷ ነው። አንባቢው እስከ ዛሬ ከአሳዳጆች ጋራ ሆኖ ይሮጥ የነበረው አሁን ከሚሳደደው ጋራ ይሮጣል። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ነገር ግን እንዲህ ላሉ ድርሰቶች ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋቸዋል። ብዙዎቹ አውሬውን አስውበውት፥ «ሰባተኛው ልጅ ርጉም አይደለም፤ ይልቁንስ ከሌሎች የበለጠ ኀይል የተሰጠው ነው» ሲሉ እርግማኑን ወደ ዘር ክብር ይለውጡታል። ይህም ስሕተቱን ገለበጠው እንጂ አልነቀለውም። በልደቱ የተነቀፈውን ሰው በልደቱ ብናመሰግነው፥ ልደት ዛሬም ዳኛ ሆኖ በወንበሩ ተቀምጧል። ቀጥቃጩ «ቡዳ አይደለህም፤ ከሰው ሁሉ ትበልጣለህ» እንዲባል አልጠየቀም፤ የጠየቀው ማረሻው ስለ ማረሻነቱ እንዲመዘን፥ እርሱም እንደ ጎረቤት ሰው እንዲቈጠር ነው። የጋርበር ባለታሪክ ከሌሎች የተሻለችበት ምክንያትም ይህ ነው፤ ልደት ለሴት ይህን ለወንድ ያን ብሎ የደለደለውን ሥርዓት የምታፈርስ በመሆኗ ነው።

ስለዚህ ተረት ስንነግርም፥ ተረት አድሰን ስንጽፍም፥ ለክፍላችን ተማሪዎች ስናስተምርም አንድ ነገር እንጠይቅ፤ የዚህ ተረት ዕዳ የሚከፈለው በማን ነው? ከፋዩ ታኡ ከሆነ ፍርዱ በበደለኛው ላይ አርፏልና ይነገር። ከፋዩ በሦስተኛው ቤት የሚኖረው ሰባተኛ ልጅ ከሆነ ግን ተራኪው ቃሉን መልሶ ይመርምር። ምብያዎች እንደሚሉት ልጅ ሁሉ ቃል ተሸክሞ የሚመጣ ከሆነ፥ ከእኛ የሚጠበቀው ስለ እርሱ ከመናገራችን በፊት ያችን ቃል እስኪናገራት ድረስ መታገሥ ነው።