መልክን መሸጥ ይገባልን?

በጋምቤላ ከተማ የባሮን ወንዝ፣ በግንባራቸው የባህል ጠባሳ ያለባቸውን የኑዌር ሽማግሌዎችና በዶቃ ያጌጡ የአኙዋክ ልጃገረዶችን ፎቶግራፍ ማንሣት አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ግን ካሜራ ወይም ስልክ ያለው ወጣት ምስሉን መርጦ፣ ዳሩን ከርክሞ፣ ብርሃኑን አስተካክሎ፣ እንዳይሰረቅበትም ስሙን በላዩ አትሞ በራሱ ድረ ገጽ ለገበያ ሊያቀርበው ይችላል። ይህ በላብ የሚገኝ፣ የተከበረ እንጀራ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ፎቶግራፉ የአንሺው ከሆነ በላዩ የሚታየው ፊትስ የማን ነው?

የአገራችን ሕግ ሁለቱንም ወገኖች ያስባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የፎቶግራፍ አንሺውን የሥራ መብት ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 ደግሞ የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቁጥር 28 ግን በሕዝብ ፊት የተፈጸሙ ጉዳዮችንና ሥርዓቶችን የመሳሰሉትን ከዚህ ክልከላ ነጻ ያደርጋል።

ነገር ግን ሕግ ዝም ባለበት ሁሉ ሕሊናም ዝም ሊል አይገባም። በኩሌ ወይም በቲርኪዲ የስደተኞች መጠለያ እህል ለመቀበል የተሰለፈች እናት ካሜራ ሲዞርባት እምቢ ለማለት ትደፍራለችን? እርዳታው የሚቀርባት መስሏት ዝም ብትል ዝምታዋ ፈቃድ ሊባል አይችልም። እውነተኛ ፈቃድ እምቢ ማለት የሚችል ሰው የሚሰጠው ነውና። ለመነሣት መፍቀድም ለመሸጥ መፍቀድ አይደለም።

«ምስል ሕይወት ያድን የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ፊልም የዓለምን ልብ ቀስቅሶ ብዙ እርዳታ አስገኝቷል። ሆኖም የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ አውጥተው፣ የተቸገረውን ሰው ክብር ከሚያጎድፍ ሥዕል እንዲቆጠቡ ተስማምተዋል። ከበጎ ዓላማ ጋር እንኳ ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ የሌላውን መከራ ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጥ ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል!

እንግዲህ ካሜራ የያዙ ወጣቶቻችንን እንዲህ ብንመክራቸው መልካም ነው። ከመሸጥ በፊት ባለመልኩን በሚገባው ቋንቋ፣ በአኙዋክኛም ሆነ በኑዌርኛ፣ ጠይቁ፤ ምስሉን አሳዩት፤ ሩቅ አገር ያለ ሰው ሊገዛው እንደሚችል ንገሩት። ሕፃን ከሆነ ወላጁን አስፈቅዱ። ስልክ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ከጦርነት የሸሸን ሰው ለአሳዳጁ እንዳትጠቁሙ ይህን አጥፉ። ከገቢው ድርሻውን ተስማሙ። «አንሡልኝ» ካለም ሳታቅማሙ ከድረ ገጹ አውርዱ።

ይህ ሁሉ ገበያውን ያጠብ ይሆናል፤ አንዳንዱ ያማረ ምስልም ሳይሸጥ ይቀራል። ግን ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል ብለን የምናስተምር ሁሉ፣ ፊቱ እንደ ወንዝ ዳር አሸዋ ያገኘ የሚያፍሰው አለመሆኑንም ልናስተምር ይገባናል። ሥዕሉ የተሸጠበት ሰው፣ ምስሉን አንድ ቀን ቢያየው ሳያፍር «ይህ እኔ ነኝ» ሊል ከቻለ፣ ሽያጩ ንጹሕ ነበር ማለት ነው።