ምን ገደላት?

እኅቴን ማን እንደ ገደላት አውቃለሁ። ባሏ ነው፤ እሱም አልካደም። ምን እንደ ገደላት ግን እስካሁን ከራሴ ጋር እየተሟገትሁ ነው። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ መልሱን ይዞ ነበር የመጣው፦ «ውሽማ ይዛ ነበር አሉ፤ ሲደርስበት ደሙ ፈላ።» ድንኳኑ ሳይነሳ የሟች ጥፋት ተዘርዝሮ አለቀ፤ የገዳዩ ጥፋት «ንዴት» ተብሎ ታለፈ።

ሌላ ሰው እንደ ነበራት እውነት ነው። ይህን ብክድ ሙግቴ ሁሉ በውሸት ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ክህደት ሰውን ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል እንበል። ባሏ ከሌላ ሴት የወለደው ልጅ አለው። ያኔ ሽማግሌዎቹ ያሏት፦ «ወንድ ነው፣ ቻዪው፤ ለልጆችሽ ስትዪ ቤትሽን አታፍርሺ።» የእሷስ ደም አልፈላም? ፈልቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢላ ግን አላነሳችም። የባላቸውን ውሽማ በስም እያወቁ ምሳ የሚያቀርቡለት ሴቶች በየሰፈሩ ሞልተዋል። ስለዚህ ክህደት ብቻውን አይገድልም። ይህ ለእኔ ግልጽ ነው፤ አልመለስበትም።

ሕግ ስማር የወንጀል ሕግ መምህራችን አንቀጽ 541ን ያስረዳን በአንድ ምሳሌ ነበር፦ ባል ከመንገድ ይመለሳል፣ ሚስቱን አልጋ ላይ ከሌላ ወንድ ጋር ያገኛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከባድ በሆነ ማነሳሳት፣ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም በብርቱ ስሜት የገደለን ሰው ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣዋል። በምሳሌው በር ከፋቹ ሁልጊዜ ባል፣ አልጋ ላይ ያለችው ሁልጊዜ ሚስት ነበረች። በሩን የከፈተችው ሚስት ብትሆንስ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ከዚያ ክፍል ወጥተው ዳኛና ዐቃቤ ሕግ የሆኑ አሉና።

ለመሆኑ በእኅቴ ነገር ድንገተኛው የቱ ነው? ባሏ ጠዋት ለታክሲ መቶ ብር ይሰጣታል። ማታ የታክሲውን መልስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በቀጥታ ብትመጣ ስንት ሊተርፋት እንደሚገባ ያሰላል። አምስት ብር ከጎደለ «በየት በኩል ዞረሽ ነው?» ይላታል። ይህ የተጀመረው ወዳጇ በሕይወቷ ውስጥ ከመኖሩ ዓመታት በፊት ነው። አንድ ቀን አንገቷን ነጠላ ጠምጥማ እናታችን ቤት መጣች። ሲፈታ የጣቶቹ ምልክት ይታይ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ተናዶ ነው» ብለው አስታርቀው መለሷት። ጄን ሞንክተን ስሚዝ የተባሉ እንግሊዛዊት የወንጀል ተመራማሪ 372 ግድያዎችን መርምረው ያገኙት ይህንኑ ነው፦ በድንገት ፈነዳ የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ ደረጃ በደረጃ ነው የሄደው፤ መነሻውም ቁጥጥር ነው።

አንድ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። አጎቴ ነው ያነሳው፦ «ውሽማዋ ባይኖር ዛሬ በሕይወት አትኖርም ነበር?»

መጀመሪያ የመለስሁለት እንዲህ ነው፦ መውጫ ስላጣች ነው ተደብቃ የወደደችው። እሱም በሕግ ረታኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ውሳኔ በቤተ ዘመድ ዳኞች እጅ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለፍርድ ቤት ሰጠው፣ ምክንያት መቁጠርም አያስፈልግም። «ታዲያ ለምን አልፈታችውም?» አለኝ።

ብትፈታውስ? ጃክሊን ካምቤልና ባልደረቦቻቸው በ11 የአሜሪካ ከተሞች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ውጤት፣ እጅግ ከሚቆጣጠር ሰው ተለይታ የወጣች ሴት የመገደል አደጋዋ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይጨምራል። ያለ አንዳች ውሽማ፣ በሕጋዊ ማመልከቻ ብትወጣም ሞት ደጃፉ ላይ ሊጠብቃት ይችል ነበር። ውሽማ መያዝና መፍታት የሚገናኙት በአንድ ነገር ነው፤ በሁለቱም ሴቲቱ ከእጁ ትወጣለች።

አጎቴ በዚህ ዝም አለ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ምስጢሩ ምንም አላደረገም ብል እዋሻለሁ። ባሏ ሲዝትባት ለማን ትናገር? ዛቻውን ብትናገር ምክንያቱን ትጠየቃለች። አመንዝራነት በአንቀጽ 652 ዛሬም ወንጀል ነው፤ ባል አቤት ካለ ትከሰሳለች። ለንስሐ አባቷ እንዳትነግር እሳቸውም ታገሺ ከሚሉት ወገን ነበሩ። ለእኔም አልነገረችኝም። ምስጢሩ ለእሱ መደበቂያ ሆነው፤ ዛቻውን ሁሉ የእሷ እፍረት ሸፈነለት። ያን እፍረት ደግሞ ያሸከምናት እኛ ነን፤ ለባል ልጅ «ቻዪው»፣ ለሚስት ወዳጅ «ውርደት» ያልነው።

እዚህ ላይ ሙግቴ ያነክሳል። የታክሲ መልስ የሚቆጥር ወንድ ሁሉ አይገድልም፤ አብዛኛው አይገድልም። አጎቴ ይህን ቢያነሳ ሙሉ መልስ የለኝም። ምናልባት ቁጥጥሩም ብቻውን አይበቃ ይሆናል። «ፍቅር ነው ያሳበደው» የሚለኝን ግን ሽማግሌም ይሁን ካህን ወይም መምህር አልቀበለውም።

በጥናት እንደ ታየው በባሏ ወይም በወዳጇ አንገቷን የታነቀች ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደል ዕድሏ ሰባት እጥፍ ያህል ነው። እናንተ ለማስታረቅ የምትቀመጡ አባቶች፣ አንገቷን ተይዛ የመጣች ሴት ስታገኙ ባሏን ከአጠገቧ አስወጡና ለብቻዋ ጠይቋት፤ ጥፋቷን አትጠይቁ፣ ማንን እንደምትፈራ ጠይቁ። ወደዚያ ቤትም አትመልሷት።