ጃፓንኛ ለማን ይነገራል?

ከመካከላችን አንዱ ጃፓንኛ አጥንቶ ተመረቀ እንበል። በሬ ሸጠው ወዳስተማሩት ወላጆቹ፣ ወደ መካነ ሰላም ይመለሳል። ገና አረፍ ሳይል እናቱ ይጠይቁታል፦ «ልጄ፣ ይኸን ቋንቋ እዚህ ቦረና ለማን ትናገረዋለህ?»

እንስቅ ይሆናል። ግን የሚያስቅ አይደለም። ዕውቀት የሚለካው በሚያስገኘው እንጀራ ነው ወይ? የእናትዮዋ ጥያቄ ይኸው ነው።

አንዳንዶቻችን «ዕውቀት ለራሱ ሲባል ይወደዳል» እንላለን። ይኸ ጠግቦ ላደረ ይቀላል። ሌሎቻችን ደግሞ «ደመወዝ የሌለው ትምህርት ከንቱ ነው» ባዮች ነን። ታዲያ በሳይንትና በቦረና አድባራት ቅኔ ሲቆጥር የኖረው የቆሎ ተማሪስ? ደመወዝ አልነበረውም። ነገር ግን ያገሬውን ቁራሽ በልቶ ተማረ፤ መሪጌታ ሲሆን ያገሬውን ልጆች አስተማረ። እንግዲህ በሰው ቁራሽ የተገኘ ዕውቀት ዕዳ አለበት።

የእኛስ ተመራቂ ዕዳውን በምን ይክፈል? ከጃፓን ጋር የቆየ ጉዳይ አለን። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የተቀረጸው የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 አገሩን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። በ2004 ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከጃፓንኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ የሚያሻግር ሰው ግን ዛሬም ጥቂት ነው።

ቢሆንም እውነቱን እንነጋገር፤ ቋንቋ ብቻውን እንጀራ አይጋግርም። ከሒሳብ፣ ከጥገና ወይም ከነርስነት ጋር ይጣመር። የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና አምስት ደረጃዎች አሉት፤ የታችኛውን አልፎ «ጃፓንኛ አውቃለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ብዙ ቀጣሪ የሚፈልገው ከላይ ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ቢሆንም አይናቅ።

ከሁሉ የከፋው ፈተና ግን ሌላ ነው። ጃፓን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ አረጋውያን እንክብካቤና እርሻ ባሉ ሥራዎች ለውጭ አገር ሠራተኞች በር ከፍታለች። በር ባለበት ደላላ አይጠፋም። ወደ ዐረብ አገር የሄዱትን የወሎ ልጆች ያየ ሰው፣ ያላነበቡትን ውል መፈረም ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ውሉን አንብቦ ማስረዳትም፣ ደብቆ ኮሚሽን መብላትም ይችላል። ሁለቱም ገንዘብ ሊያስገኙ ይችላሉ፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን አንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለእናትዮዋ መልስ አለን። ጃፓንኛውን ለጃፓኖች ይናገረዋል፤ ጃፓኖቹ የጻፉትን ደግሞ ለጎረቤት ልጅ፣ በአማርኛ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይነግረዋል።